ላም አለኝ በሰማይ፣ አውሬ አለኝ በሐይቅ

ባለፈው እትም «ያልታየ ሁሉ የለም አይባልም» በሚል ርእስ የወጣውን ጽሑፍ ያላነበበ ያለ አይመስለንም። እኛ ሦስት ጊዜ አነበብነው፤ መጀመሪያ እየሳቅን፣ ሁለተኛ እየተናደድን፣ ሦስተኛ ግን እርሳስ ይዘን። ጸሐፊው ብዕሩ ይቀናዋል፤ ይህን አንክድም። በስኮትላንድ ኔስ በሚባለው ሐይቅ ውስጥ ግዙፍ አውሬ «ሊኖር ይችላል» ብሎ ይጀምርና፣ «ሊኖር ይችላል»ን እንደ ጥጃ እየቀለበ አሳድጎ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ «አለ» አድርጎ ያሰማራዋል። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ በምግብ አዳራሹም፣ በመኝታ ክፍሉም፣ በሻይ ቤቱም ወሬው ይኸው ነው። እራት ተበልቶ ሳህኑ ሳይነሣ «አለ!» «የለም!» ይጀመራል።

ይህን መልስ የምንጽፈው ስለ አውሬው ተጨንቀን አይደለም። ቢኖርም ባይኖርም ከእንጀራችን ላይ የሚጎድል ነገር የለም። የከነከነን የጽሑፉ ሁለተኛ ክፍል ነው። «በሺህ የሚቆጠር ሰው በዐይኔ በብረቱ አየሁ ያለውን መካድ ሕዝብን መናቅ ነው፤ የአፍ ምስክርነትን የማይቀበል የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪ ደግሞ የገዛ ጎጆውን በገዛ እጁ የሚያፈርስ ነው» ይለናል። እንግዲህ ይህ በቀጥታ እኛን ይነካል። እኛ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደየአገራችን ገብተን ከሽማግሌና ከባልቴት አፍ ቃል የምንለቅም ነን። ተረቱን፣ ሙሾውን፣ ፉከራውን፣ የርስት ክርክሩን እየጻፍን እንመጣለን። ጽሑፉ ሲወጣ የምህንድስና ጓደኞቻችን ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «አያችሁ! የናንተም ምንጮች እንደ ኔስ ምስክሮች ናቸዋ!» እያሉ ይተርቡናል። አንዱ «ምስክርን ሁሉ እመኑ» ይለናል፣ ሌላው «ምስክርን ሁሉ ጣሉ» ይለናል፤ ሁለቱም ግን ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ አልነገሩንም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሐይቁ እንጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ አንባቢ ቀንሶ ይያዝልን።) ኔስ በሰሜን ስኮትላንድ ደጋ ውስጥ እንደ ቦይ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወርዱ በአብዛኛው ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም። ጣናን ለሚያውቅ ሰው በስፋቱ ኩሬ ነው፤ ጣና ሃምሳ እጥፍ ያህል ይሰፋዋል። በጥልቀት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጣና እጅግ በጠለቀበት ቦታ 15 ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ኔስ 230 ሜትር ይወርዳል። በእንግሊዝና በዌልስ ያሉት ሐይቆች ሁሉ ተደምረው የያዙት ውኃ ኔስ ብቻውን የያዘውን አያህልም። ውኃውም ከዙሪያው ረግረግ በሚታጠብ ጥቁር አፈር የተነሣ እንደ ጠላ የጠቆረ ነው፤ ጥቂት ሜትር ከወረዱ በኋላ ዐይን ሥራውን ያቆማል። ይህን የምንዘረዝረው ለባላጋራችን የሚገባውን ለመስጠት ነው። አውሬ መደበቅ ካማረው ቦታውስ ይኸው ነው።

አንድ ነገር በዳር እናንሣ። ጸሐፊው ፍጡሩን ከዳር እስከ ዳር «ጭራቅ» ሲል ነው የጻፈው። በእኛ አገር ጭራቅ ሰው ይበላል፣ በር ይቆረቁራል፣ የእናት ድምፅ አስመስሎ ይጣራል። የኔሱ ግን እስካሁን አንድ ቱሪስት እንኳ አልነከሰም። ስለዚህ በበኩላችን «አውሬ» እንለዋለን፤ ጭራቆቻችንም ክብራቸው አይነካ።

አሁን ወደ ምስክሮቹ። የዛሬው የኔስ አውሬ የተወለደው በ1933 ነው። ኤፕሪል ላይ በሐይቁ ዳር በመኪና ያልፉ የነበሩ ባልና ሚስት ውኃው ሲናወጥ አዩ። ወሬው በሜይ 2 ቀን «ኢንቨርነስ ኩሪየር» በሚባለው ያገር ቤት ጋዜጣ ወጣ። የጻፈው አሌክስ ካምቤል የሚባል የሐይቁ የዓሣ ጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ በትርፍ ጊዜው ለጋዜጣው ይጽፋል። በዚያ ዜና ውስጥ ያለው ፍጡር ምን ይመስላል? ዓሣ ነባሪ ይመስላል። አንገቱስ? ስለ ረጅም አንገት የተባለ ነገር የለም። ይህን ልብ በሉልን፤ የምንባብ ትምህርታችን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት በዚያው የጸደይ ወራት «ኪንግ ኮንግ» የተባለው ፊልም በለንደን ሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመረ። በፊልሙ ውስጥ ከሐይቅ ብቅ የሚል፣ አንገቱ የረዘመ፣ ጀርባው ያበጠ የጥንት አውሬ አለ፤ ወደ የብስም ወጥቶ ሰው ያሳድዳል። ፊልሙ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጁላይ፣ ስፓይሰር የተባለ የለንደን ሰው ከሚስቱ ጋር በሐይቁ ዳር ሲነዳ አንገቱ የረዘመና ጀርባው ያበጠ አውሬ መንገድ ሲያቋርጥ አየሁ አለ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምስክር ሁሉ አንገት ያያል። ዓሣ ነባሪው ቀረ፣ አንገት መጣ! አንድ ተረት በጎጃም ስንሰማው ጅብ የነበረው ገጸ ባሕርይ በሌላ አገር ስንሰማው አንበሳ ሆኖ ብናገኘው፣ «በመካከል ምን ገባ?» ብለን እንድንጠይቅ መምህራኖቻችን አስተምረውናል። እዚህም ያንኑ መጠየቅ ነው። በመካከል ሲኒማ ገባ።

ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ቲያትር ቢሆን ማንም «ተጋነነ» ባለው ነበር። «ዴይሊ ሜይል» የተባለው የለንደን ጋዜጣ ማርማዱክ ዌዘረል የሚባል የአደንና የፊልም ሰው ቀጥሮ ወደ ሐይቁ ላከ። ሰውዬው በዲሴምበር 1933 ጥቂት ቀን እንኳ ሳይቆይ በዳርቻው ላይ ትልልቅ የእግር አሻራ «አገኘ»። አሻራው በኖራ ተቀድቶ ለንደን ለሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተላከ። በጃንዋሪ 1934 የሙዚየሙ ሊቃውንት መልስ መጣ፤ የጉማሬ እግር ነው! ያውም አራቱም አሻራ የአንድ እግር፣ እሱም የደረቀ። በዚያ ዘመን የአፍሪካ ጉማሬ እግር ተቆርጦና ደርቆ በፈረንጅ ሳሎን ውስጥ የጃንጥላ ማኖሪያ፣ አንዳንዴም የሲጋራ አመድ መተርኮሻ ይሆን ነበር። የእኛው አህጉር ጉማሬ ሞቶ እንኳ አላረፈም፤ ስኮትላንድ ድረስ ወስደው በሐሰት አስመሰከሩት።

ዌዘረል መሳቂያ ሆነ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1934፣ ያው ጋዜጣ ዓለም የሚያውቀውን ፎቶግራፍ አወጣ፤ ጸጥ ካለ ውኃ ውስጥ ቀጭን አንገትና ትንሽ ጭንቅላት ብቅ ብሏል። ያነሣው ሮበርት ኬኔት ዊልሰን የሚባል የለንደን ሐኪም ነው ተባለ። ሐኪም! የተማረ፣ የተከበረ፣ ለመዋሸት ምክንያት የሌለው ሰው። ጸሐፊያችንም በባለፈው እትም «አንድ የታወቀ ሐኪም ሙያውን ለቀልድ አሳልፎ አይሰጥም» ብሎ ጽፏል። ምነው ታዲያ ቀጥሎ የመጣውን ሳይነግረን ቀረ? የዌዘረል የእንጀራ ልጅ ክርስቲያን ስፐርሊንግ ሊሞት አካባቢ እውነቱን ተናገረ፤ ነገሩም በ1994 ይፋ ሆነ። «አውሬው» ከመደብር የተገዛ የሕፃን መጫወቻ ሰርጓጅ መርከብ ነው፤ ከላዩ አንገትና ጭንቅላት ተቀርጾ ተለጥፎበታል። ከውኃው በላይ የሚታየው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የእኛ ማስመሪያ በለው! ዌዘረል ላፌዙበት ሰዎች ብድሩን መለሰ፤ ሐኪሙ ደግሞ በታመነ ስሙ ፎቶውን ለጋዜጣው እንዲያደርስ ተደረገ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይኸኛው ግን ለመቅለል 60 ዓመት ፈጀበት። በነዚያ 60 ዓመታት ውስጥ ስንት ሰው ያንን ሥዕል በልቡ ይዞ ወደ ሐይቁ ሄደ? እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል፤ እነዚህ ግን የደነገጡት ያላዩትን እባብ ሥዕል አይተው ነው።

«እሺ፣ ፎቶው ውሸት ይሁን፤ ያዩት ሁሉ ግን ዋሾ ናቸው?» ትሉናላችሁ። አይደሉም። ይህን ጮክ ብለን እንናገራለን፤ አብዛኞቹ አልዋሹም። ማስረጃችንም ራሳችን ነን።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ሰባት ሆነን ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ወርደን ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አንዱ ባልንጀራችን «ኧረ እዩ! ዘንዶ!» ብሎ ጮኸ። ዘወር ስንል ከውኃው መካከል ቀጥ ያለ ጥቁር አንገት ብቅ ብሏል። ጥቂት ቆየ፣ ጠለቀ፣ ከሩቅ ቦታ እንደገና ወጣ። እውነቱን እንናገር፤ ልባችን ደነገጠ። አንዷ ጓደኛችን እጄን ይዛ ነበር የሚል ሁለት ሰው አለ፤ ይህም እስካሁን አላለቀም። ከዚያ አንገቱ ወደ እኛ ቀረበና ክንፉን ዘርግቶ በረረ። ዓሣ ለመያዝ የምትጠልቅ ጥቁር ወፍ ናት። ስትዋኝ ሰውነቷ ከውኃ በታች ሆኖ አንገቷ ብቻ ይታያል።

ከመብረሯ በፊት ግን አንገቱ ምን ያህል እንደሚሆን ተነጋግረን ነበር። አንዱ «ሁለት ክንድ» አለ፣ ሌላው «የሰው ቁመት»፣ አንዱማ «የቴሌፎን እንጨት» አለ። ማንም አልዋሸም። በሐይቅ ላይ ርቀቱን የምትለካበት ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፤ ርቀቱን ያላወቀ ደግሞ ትልቀቱን አያውቅም። ወፏ ሳትበር ብትቀርና ብትጠልቅ ኖሮስ? እስከ ዛሬ ሰባት የዘንዶ ምስክሮች በሆንን ነበር፤ ሁላችንም በመሐላ። ያን ቀን ማታ ደግሞ በመኝታ ክፍል ታሪኩን ስናወራ ወፏን ወደ መጨረሻ ገፋናት፣ አንገቱን ግን ወደ መጀመሪያ አመጣነው። ለምን ቢሉ፣ ወሬው እንዲያምር!

ኔስ ሐይቅ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ነገር የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ጠባብና ረጅም፣ ግራና ቀኙ ገደል ነው። ከ1822 ጀምሮ የካሌዶንያ ቦይ በውስጡ ስለሚያልፍ ጀልባና መርከብ ይመላለስበታል። መርከቡ አልፎ ከዐይን ከተሰወረ በኋላ ማዕበሉ ከሁለቱ ዳር ተጋጭቶ ይመለስና፣ መካከል ላይ ሲገናኝ የጀርባ ጉብታ ተሰልፎ የሚሄድ ይመስላል። በዚያ ላይ የሚዋኝ አጋዘን አለ፣ ከባሕር የመጣ አቆስጣ አለ፣ የሚንሳፈፍ ግንድ አለ፣ ወፎችም አሉ። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንጂ፣ ዐይን ብቻውን ዳኛ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ነገሩን ከምስክር እንለየውና በሒሳብ እንየው። ሒሳብ የምህንድስና ብቻ አይደለምና አንባቢ አይሽሽ። ጸሐፊው አውሬው ፕሌዝዮሳር የተባለው የዳይኖሰር ዘመን የባሕር እንስሳ ዝርያ ሊሆን ይችላል ይላል። እሺ ይሁን። ፕሌዝዮሳር አየር ይተነፍስ ነበር፤ ስለዚህ እንደ ጉማሬ ብቅ ማለት አለበት። የጣና ታንኳ ቀዛፊ ጉማሬ አለ የለም ብሎ ሲከራከር ሰምታችኋል? አይከራከርም፤ በየጥቂት ደቂቃው አፍንጫውን ስለሚያሳየው። አንድ አውሬ ብቻውን ደግሞ ሺህ ዓመት አይኖርም፤ ዘር እንዲተካ መንጋ ያስፈልጋል። በትንሹ ሃያ እንበል። እያንዳንዱ በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ይተንፍስ፤ ይህም በጣም ለግሰንላቸው ነው። ሃያ አውሬ በቀን 480 ጊዜ፣ በዓመት 175,200 ጊዜ ብቅ ይላል። ግማሹን ሌሊት ነው ብለን እንጣለው፤ 87,600 ይቀራል። በሐይቁ ላይ የታዩ ነገሮችን የሚይዘው መዝገብ ግን ከጥንት ጀምሮ ያለው ሁሉ ተደምሮ ከ1,100 ጥቂት ቢበልጥ ነው። የዓመቱን አይደለም፤ የዘመናቱን ሁሉ ነው የምንላችሁ!

ቀለቡስ? ጥቁር ውኃ ብርሃን አያስገባም፤ ብርሃን ያልገባው ውኃ ብዙ ምግብ አያበቅልም። በኔስ ውስጥ ያለው ዓሣ ሁሉ ቢመዘን 20 ቶን ያህል ነው ተብሎ ይገመታል። አዳኝ እንስሳ ከሚያድነው ከዐሥር አንድ ያህል ክብደት ቢኖረው ነው የሚጸና። ስለዚህ አውሬዎቹ ሁሉ ተደምረው 2 ቶን ሊሆኑ ነው፤ ይኸም ከአንድ ጎልማሳ ወንድ ዝሆን ያነሰ ነው። ለሃያ ብናካፍለው እያንዳንዱ መቶ ኪሎ ይደርሰዋል። መቶ ኪሎ የሚመዝን ጭራቅ! ከእሱ የሚበልጥ በሬ መርካቶ ዳር እናውቃለን። በዚያ ላይ ሐይቁ እስከ ዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ ድረስ በበረዶ የተደፈነ ነበር፤ ፕሌዝዮሳር ደግሞ የጠፋው ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በመካከል የት ከረመ? በ2006 ደግሞ ሌዝሊ ኖኤ የተባለ የቅሪተ አካል ሊቅ የፕሌዝዮሳር አንገት አጥንት አገጣጠም እንደ ዳክዬ አንገቱን ሽቅብ ቀስሮ እንዲዋኝ የሚያስችል አይደለም ብሏል። እንግዲህ ያ ዝነኛ አንገት ለፕሌዝዮሳርም አልሆነም።

እዚህ ላይ የጸሐፊው ዋና ጋሻ ይመጣል፤ ሲላካንት። ይህን ክፍል ሲጽፍ ብዕሩ ሲደሰት ይታያል፤ እኛም ተደስተን አነበብነው፣ ምክንያቱም ታሪኩ የሚያግዘው እኛን ነው። ሲላካንት ከ66 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ጠፍቷል ተብሎ የታመነ የዓሣ ወገን ነበር። በዲሴምበር 1938 በደቡብ አፍሪካ ኢስት ለንደን በምትባል ከተማ የትንሽ ሙዚየም ኃላፊ የነበረችው ወጣት ማርጆሪ ኮርትኔይ-ላቲመር፣ አጥማጆች ካመጡት ዓሣ መካከል አንድ እንግዳ አየች። 57 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ዓሣ ነበር። ጄ. ኤል. ቢ. ስሚዝ የተባለው ሊቅ ማንነቱን ለየ። «ስለዚህ ሊቃውንት ተሳስተዋል፣ ስለዚህ አውሬውም ሊኖር ይችላል» ይለናል ጸሐፊያችን።

ቀስ በል ወንድሜ። የሲላካንት ታሪክ እዚህ አያበቃም። ስሚዝ ሁለተኛውን ለማግኘት 14 ዓመት ፈለገ፤ ላገኘ 100 ፓውንድ እሰጣለሁ የሚል ወረቀት አሳትሞ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በተነ። በ1952 ከኮሞሮ ደሴቶች ተገኘለት። ታዲያ ምን ታወቀ? የኮሞሮ አጥማጆች ዓሣውን ድሮም ያውቁታል! ስሙም «ጎምቤሳ» ነው፤ አልፎ አልፎ በመንጠቆ ይይዙታል፤ ሥጋው እምብዛም ስለማይጣፍጥ ቁም ነገር አይሰጡትም። የአፍ ምስክርነት ማለት ይህ ነው። ጎምቤሳ ስም አለው፣ ጣዕም አለው፣ መንጠቆው የሚጣልበት ጥልቀት ይታወቃል፣ ሲያዝ ደግሞ በእጅ ይዳሰሳል። ሊቁ ዘግይቶ ደረሰ እንጂ አጥማጁ አልተሳሳተም። የኮንጎ ደን ሰዎችም ኦካፒ የተባለውን እንስሳ የአውሮፓ ሊቃውንት በ1901 ስም ከማውጣታቸው በፊት ሲያድኑት ኖረዋል። የኔስ አጥማጆች ግን ሳልመን ያጠምዳሉ፣ ኢል የሚባለውን እባብ መሳይ ዓሣ ያውቃሉ፤ አውሬውን በመረብ ይዞ ያወጣ፣ አጥንቱን ያገኘ፣ ሥጋው መራራ ነው ያለ አንድም የለም። ሲላካንት ደግሞ የኖረው በሕንድ ውቅያኖስ ጥልቅ ውስጥ እንጂ ዳሩ መንገድና ሆቴል ባለው የ37 ኪሎ ሜትር ሐይቅ ውስጥ አይደለም።

ሌላው ጋሻው ገድል ነው። ከ1933 በፊትም አውሬው ይታወቅ ነበር ለማለት የአየርላንዱን ቅዱስ ኮሉምባን ይጠቅሳል። እውነት ነው፤ አዶምናን የተባለ አበ ምኔት ቅዱሱ በ597 ካረፈ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በጻፈው ገድል ውስጥ፣ በኔስ ወንዝ (በሐይቁ አይደለም፣ በወንዙ ነው) ሰው የገደለን የውኃ አውሬ ኮሉምባ በመስቀል ምልክት አማትቦ እንዳባረረው ተጽፏል። ግን ጎበዝ፣ እኛ የገድል አገር ልጆች ነን! ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ሆኖ ዘንዶ ሲወጋ፣ ያችን የቤሩት ልጅ ሲያድን፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ እያየን አድገናል፤ ያም ዘንዶ የሚወጣው ከውኃ ነው። አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ አምባ ላይ በዘንዶ ጅራት ተስበው እንደወጡ ሰምተናል። ገድል የሚሰማ ምእመን «ዘንዶው ስንት ሜትር ነው? ዓሣ ይበላል ወይስ ሣር?» ብሎ አይጠይቅም፤ ገድሉ የሚነግረው ስለ ቅዱሱ ነውና። ኮሉምባም ባያባርረው ኖሮ አውሬው በገድሉ ባልተጻፈ ነበር። ገድልን እንደ እንስሳት ቆጠራ ማንበብ ለገድሉም ስድብ ነው፣ ለእንስሳቱም።

ፍለጋው ይበቃል አይበቃም የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። በ1972 እና በ1975 ሮበርት ራይንስ የተባለ አሜሪካዊ ከውኃ በታች ፎቶ አነሣሁ አለ፤ የአንዱ ፎቶ «መቅዘፊያ» ኋላ ላይ የተነካካ ሆኖ ተገኘ። እሱና ሰር ፒተር ስኮት በ«ኔቸር» መጽሔት ላይ ለአውሬው የላቲን ስም አወጡለት፤ አንድ የስኮትላንድ የፓርላማ አባል የስሙን ፊደላት አዟዙሮ ቢያነባቸው «የሰር ፒተር ኤስ. የጭራቅ ማጭበርበሪያ» የሚል ወጣለት። (ስዊድኖችማ የባሱ ናቸው፤ በስቶርሾን ሐይቅ ያለውን አውሬ በ1986 በሕግ አስጠብቀው፣ በ2005 ሕጉን ሻሩ። አውሬው ይግባኝ አልጠየቀም።) በ1987 ሃያ አራት ያህል ጀልባዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ኔስን በድምፅ ሞገድ መሣሪያ አበጠሩት፤ ማንነታቸው ያልተለየ ጥቂት ማሚቶዎች ብቻ ተመዘገቡ። በ2003 ቢ.ቢ.ሲ. ከዳር እስከ ዳር በ600 የሞገድ ጨረር አስፈተሸው፤ ምንም የለም። በ2018 በኒውዚላንድ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኒል ጌሜል 250 የውኃ ናሙና ቀድቶ፣ እንስሳት በውኃ ውስጥ የሚተዉትን የዲ.ኤን.ኤ. ቅንጣት መረመረ። የሰው አለ፣ የውሻ አለ፣ የከብት አለ፣ የአጋዘን አለ፤ የተሳቢ እንስሳ ግን በ2019 በወጣው ውጤት ውስጥ ምንም የለም። የኢል ዓሣ ግን ሞልቷል። ጌሜል «ትልቅ ኢል ሊሆን ይችላል ወይ? ማስተባበል አልችልም» ሲል ዓለም ሁሉ ይቺን ቃል ይዞ ሮጠ፤ ጸሐፊያችንም ከኋላ ደረሰባት። በ2023 የታተመ ስሌት ደግሞ ከኔስ አንድ ሜትር የሚሆን ኢል የማግኘት ዕድል ከ50,000 አንድ ያህል እንደሆነ፣ ስድስት ሜትር የሚሆነው ግን ጨርሶ እንደማይታሰብ አስቀመጠ። ፕሌዝዮሳር ነው ብለው ጀምረው በኢል ዓሣ ሲጨርሱ ትንሽ አያፍሩም?

«የለም ብላችሁ አረጋግጡ!» ይላል የጽሑፉ መዝጊያ። ይህስ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው? ችሎት ቆሞ «መሬቱ የኔ ነው» ያለ ሰው ምስክር ያቆማል እንጂ፣ ተከሳሹን «ያንተ አይደለም ብለህ አስረዳልኝ» አይለውም። አያቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ይህን ያውቁት ነበር።

ስለ አያቶቻችን ካነሣን ወደ ጀመርንበት እንመለስ። ሕዝብን ናቃችሁ ለተባልነው መልሳችን ይህ ነው። አንዲት ባልቴት ስለ አንድ ዘመን ረኃብ ሲነግሩን አፋችንን ከፍተን ሰምተን ጽፈን ብቻ አንመጣም። «እማማ፣ ይህን በዐይንዎ አዩ ወይስ ሰሙ? የት ቆመው ነበር? ያኔ ስንተኛ ልጅዎን አርግዘው ነበር?» ብለን እንጠይቃለን። እሳቸውም አይቀየሙም፤ «ይህንስ ሰማሁ፣ ያንን ግን በዐይኔ ነው» ብለው ራሳቸው ይለዩልናል። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ እንዲህ ሲጠይቅ አንድ ሽማግሌ «አሁን ገና ሰው ላከብኝ፤ ያለፈው ልጅ እንደ ደብተራ ዝም ብሎ ሲጽፍ ነበር» አሉት። ሳይጠይቁ ማመን ማክበር መስሎ የታየው ለጸሐፊያችን ብቻ ነው። የምህንድስና ጓደኞቻችንም ይስሙ፤ ኔስ ላይ ያሳሳቱት ዝነኛ ምስክሮች ካሜራና ማተሚያ ቤት የነበራቸው እንጂ የኮሞሮን አጥማጅ የመሰሉ አይደሉም። ዌዘረል ያገር ሽማግሌ አልነበረም፤ ዊልሰንም እረኛ አልነበረም።

አድሪያን ሻይን የተባለ እንግሊዛዊ ከሃምሳ ዓመት በፊት አውሬውን ሊፈልግ ወደዚያ አገር ሄደ፤ የ1987ቱንም ዘመቻ የመራው እሱ ነው። አውሬውን አላገኘም። ነገር ግን ማዕበሉን አጠና፣ ወፉን አጠና፣ ከሐይቁ ሥር የተከማቸውን ደለል እየቆፈረ የሺህ ዓመታት ታሪክ አነበበ። ሲጠየቅም ሰዎች ያዩት ማዕበልና ወፍ ነው ይላል። ይህን ሰው «ሕዝብን የናቀ» የሚለው ካለ እጁን ያውጣ።

የባለፈው እትም ጸሐፊና ደጋፊዎቹ በዚህ ካልረኩ አንድ ነገር አዘጋጅተናል። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ሆራ ሐይቅ እንወርዳለን። ዋና የሚችለው ባልንጀራችን ርዝመቱ የተለካ እንጨት ይዞ ወደ መካከል ይገባና ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ዳር የቆመው ሁሉ ርዝመቱን ገምቶ፣ ከጎረቤቱ ሳይመካከር፣ በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። ወረቀቶቹን ሁሉ፣ የእኛንም ጭምር፣ በሚቀጥለው እትም እንዳሉ እናትማቸዋለን። የአውቶቡሱን ሒሳብ እያንዳንዱ ለራሱ ይከፍላል፤ ምሳ የሚይዝ ለሁለት ይያዝ።